ለአሥር ሳምንት የሚመጣ ተማሪ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ትምህርት በሚዘጋበት ወቅት የቅድመ ምረቃ ተማሪዎችን ወደ ላብራቶሪ (ላብ) እና ወደ መስክ ተቀብለው ምርምር የሚያለማምዱ አንባቢዎቻችን በዚህ ወር በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ልከውልናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ላብ ውስጥ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ነኝ። ከመጪው ጁን ጀምሮ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለ10 ሳምንት ከእኔ ጋር ትሠራለች። ፕሮፌሰራችን ጤፍ ጨዋማ አፈርን እንዲቋቋም የሚያደርጉትን ጂኖች ትፈልግ ብለዋል። ጊዜው የሚበቃ አልመሰለኝም። ምን ሥራ ልስጣት?

መልስ፦ አይበቃም፤ ግምትዎ ልክ ነው። ፕሮፌሰሩን ለማሳመን ቀኑን አብረው ይቁጠሩት። 10 ሳምንት ማለት 50 የሥራ ቀን ነው። ጁን 19 እና ጁላይ 4 በዓል ናቸው፤ ከሥራ ቀን ጋር ከገጠሙ 48 ቀረ። የደኅንነት ሥልጠናው፣ የመግቢያ ካርዱና የኮምፒውተር አካውንቱ 3 ቀን ይበላሉ። በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ሴሚናር ካለ 5 ቀን ሄደ። በመጨረሻ ውጤቷን የምታቀርብበት ፖስተርና የማጠቃለያ ጽሑፉ 8 ቀን ይፈልጋሉ። ለሙከራ የሚተርፈው 32 ቀን ነው።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው ዙር እንደሚበላሽ አስቀድመው ይያዙት። እጇ አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ ከስንፍና አይደለም። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቢበዛ በ8 የሥራ ቀን የሚያልቅ ሙከራ ካልሆነ ሦስት ጊዜ ደግማ፣ ውጤቱን ለመተንተን ጊዜ ሊተርፋት አይችልም። የጂን ፍለጋው በዚህ መስፈሪያ አይገባም። ንጹሕ አርኤንኤ (የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን ሞለኪውል) ማውጣትን መልመድ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ናሙናው ለሲኩዌንሲንግ (ቅደም ተከተሉ እንዲነበብ) ተልኮ እስኪመለስ ደግሞ ተማሪዋ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች።

ትልቁን ጥያቄ አይጣሉት፤ ጫፉን ቆርጠው ይስጧት። ለምሳሌ «ላቡ ካሉት የጤፍ ዝርያዎች ሁለቱ በጨው ውኃ ውስጥ አበቃቀላቸው ይለያያል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በ32 ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል፤ መልሱም ለጂን ፍለጋው በቀጥታ ይጠቅማል። አሠራሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ 4 የጨው መጠን (0፣ 50፣ 100 እና 150 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማለትም የገበታ ጨው፤ ሚሊሞላር በ1 ሊትር ውስጥ የሟሟውን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለእያንዳንዱ 4 ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ክብ ሳህን)፣ በእያንዳንዱ ዲሽ 50 ፍሬ። ለሁለት ዝርያ 32 ዲሽና 1600 ፍሬ ማለት ነው። ጨውን ራሷ ታስላ፤ ለ1 ሊትር ውኃ 2.92፣ 5.84 እና 8.77 ግራም ላይ መድረስ አለባት። ካልደረሰች ሞላርን ገና አልተረዳችውም ማለት ነውና ያን ቀን በዚያ ላይ ያውሉት። 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዲሽ ውስጥ ሁለት የማጣሪያ ወረቀት ተደርቦ 5 ሚሊ ሊትር ይጨመርበታል፤ በ25 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ቀን በየቀኑ ይቆጠራል። ሥሩ 2 ሚሊ ሜትር ሲሞላ «በቀለ» ይባላል። ይህን ትርጉም ከመጀመሪያው ቀን በፊት በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ታስፍረው፤ አለዚያ በ5ኛው ቀን ዓይኗ መስፈርቱን ሳታውቀው ይለውጥባታል።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ ትነት ነው። ውኃው ሲተን ጨው ስለሚቀር 100 ያሉት ዲሽ በ4ኛው ቀን 100 አይደለም። ዲሹ ዙሪያውን በፓራፊልም (በሚለጠጥ ቀጭን ማሸጊያ) ይታሸግ፤ ደረቀ ብላ የጨው ውኃ ብትደግምበት ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛው ሻጋታ ነው፤ ፍሬው ከመዘራቱ በፊት 1 በመቶ በሆነ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (በረኪና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ለ5 ደቂቃ ይታጠብና ብዙ ጊዜ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። ሦስተኛው የጤፍ ጠባይ ነው። ሺህ ፍሬ ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ በመቆንጠጫ ሲይዙት ይፈናጠራል ወይም ይጨፈለቃል። ጫፉ የረጠበ ቀጭን ብሩሽ ይሻላል። አራተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ የዲሾቹ አቀማመጥ ነው። የኢንኩቤተሩ (ሙቀቱን ጠብቆ የሚያቆየው ሣጥን) የላይኛውና የታችኛው መደርደሪያ ሙቀታቸው ይለያያል። ጨዋማዎቹን ሁሉ ታች፣ ጨው የሌለባቸውን ላይ ካስቀመጠች የለካችው መደርደሪያውን ይሁን ጨውን አይታወቅም። ዲሾቹን በዕጣ ትደርድራቸው።

ትንተና ላይ ስትደርስ የሙከራው አሐድ ዲሹ እንጂ ፍሬው እንዳልሆነ ያስረዷት። ለአንድ ዝርያ በአንድ የጨው መጠን ያላት 4 ልኬት ነው፤ 200 አይደለም። ይህን ስሕተት የሠሩ ፖስተሮች በየዓመቱ ይቀርባሉ፤ ጠንቃቃ ተመልካች ፊት ሲቆሙ የሚያፍረው ተማሪው ነው፣ ጥፋቱ ግን ያላስተማረው ሰው ነው።

ከመምጣቷ በፊት በሜይ ወር ሙከራውን እርስዎ ራስዎ አንድ ጊዜ ይሥሩት። ፍሬው የሚበቅል እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ አሮጌ ዘር ያለ ጨውም ላይበቅል ይችላል። ጨው በሌለበት ዲሽ ከ50ው ከ40 በታች ከበቀለ ሌላ ዘር ይፈልጉ። ዲሽ፣ ወረቀትና ፓራፊልም ለሦስት ዙር የሚበቃ አስቀድመው ይዘዙ።

ጥያቄ፦ በስቶክሆልም የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ከአዲስ አበባ ለሁለት ወር የመጣ ተማሪ አብሮኝ ይሠራል። ጎበዝና ጨዋ ልጅ ነው፤ ያልኩትን ሁሉ «እሺ» ይላል። በኋላ ሳየው ግን ሌላ ነገር ሠርቷል። «ካልገባህ ጠይቀኝ» ብለውም አይጠይቅም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ገባህ?» ማለትዎን ይተዉ። በእኛ አገር አስተዳደግ ለታላቅ ወይም ለአስተማሪ «አልገባኝም» ማለት ያስተማረውን ሰው እንደ መውቀስ ይቆጠራል፤ ልጁ ይሉኝታ ይዞት ነው። «እሺ» ያለው «ሰምቼዎታለሁ፣ አከብርዎታለሁ» ለማለት ነው። መረዳቱን ለማወቅ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ገለጻውን እንደጨረሱ «አሁን የምትሠራውን በቅደም ተከተል ንገረኝ፤ ያጎደልኩት ካለ እንድይዘው» ይበሉት። ጉድለቱ የገለጻው ተደርጎ ሲቀርብ ለመናገር ይደፍራል። ከዚያ እርምጃዎቹን በራሱ እጅ በአማርኛም ቢሆን ጽፎ ያሳይዎት። የሰጡትን የታተመ ፕሮቶኮል (የአሠራር መመሪያ) ማንበቡ አይበቃም፤ የሚስተው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሌለው ነገር ነው፤ ቱቦው በበረዶ ላይ ይቀመጥ ወይስ ውጭ፣ ክዳኑ መቼ ይከፈት የሚለው።

የ30 ደቂቃ ደንብ ያውጡለት፦ አንድ ነገር ላይ 30 ደቂቃ ከተጣበቀ መጥቶ መጠየቅ የሥራው ግዴታ ነው። ፈቃድ ሲሆን የማይጠቀምበት ልጅ ግዴታ ሲሆን ይመጣል። ሲመጣም የያዙትን ሥራ ያስቀምጡለት፤ አንድ ጊዜ «ቆይ አሁን» ከተባለ በኋላ ደግሞ መምጣት ይከብደዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየጠዋቱ 15 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ስሕተት የማይጎዳበት ልምምድም ይስጡት። ለዚህ የፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚስብ መሣሪያ) ፈተናን የሚያህል የለም። 200 ማይክሮሊትር የሚይዘውን ፒፔት 100 ላይ አድርጎ፣ 0.1 ሚሊግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ የተጣራ ውኃ 10 ጊዜ ይመዝን። 100 ማይክሮሊትር ውኃ 100 ሚሊግራም ገደማ ነው። አማካዩ ከ98 እስከ 102፣ መደበኛ ልይይቱም (ልኬቶቹ ከአማካዩ የሚበታተኑበት መጠን) ከ1 ሚሊግራም በታች እስኪሆን ይድገመው። አማካዩ ከበዛ ውኃውን ሲስብ ቁልፉን ከመጀመሪያው ማቆሚያ አሳልፎ እየተጫነ ነው። ካነሰና ከተበታተነ ቁልፉን በድንገት እየለቀቀ አየር እያስገባ ነው፤ ወይም ጫፉ በደንብ አልተጣበቀም። የመጀመሪያው ልኬት ብቻ ካነሰ ጫፉን ቀድሞ አላረጠበውም። ልጁ ስሕተቱን ከቁጥሩ ስለሚያነበው ማንም ሳይቆጣው ይታረማል። አስቀድመው እርስዎ ፊቱ ይሥሩትና ውጤትዎን በዚያው ሠንጠረዥ ይጻፉ፤ የእርስዎም ቁጥር ፍጹም እንዳልሆነ ሲያይ ይቀለዋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን። አንድ ቀን መጥቶ «ናሙናውን ቀላቅዬዋለሁ» ካለዎት፣ ከምንም በፊት ስለ ነገረዎ ያመስግኑት። ያን ቀን ፊትዎ ከጠቆረ ከዚያ በኋላ የሚሰጥዎትን ቁጥር ሁሉ ማመን አይችሉም።

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ በአንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። በሌላ ግዛት የሚማር፣ ኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ያለው ኢትዮጵያዊ ተማሪ በሰመር ላቤ ውስጥ መሥራት ይፈልጋል። በአርኢዩ ላስገባው እችላለሁ? ካልሆነ በነጻ ልቀበለው?

መልስ፦ አርኢዩ የሚባለው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1987 ጀምሮ የሚደግፈው የቅድመ ምረቃ ምርምር ፕሮግራም፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። ግሪን ካርድ ያለው ያመለክት፤ ኤፍ-1 ላይ ያለ ግን ከዚያ በጀት አበል ሊከፈለው አይችልም። ክፍያው ከራስዎ የምርምር በጀት ወይም ከኮሌጁ መምጣት አለበት።

ሥራው በሌላ ተቋም ግቢ ስለሆነ ለእሱ «ካምፓስ ውስጥ ሥራ» አይባልለትም፤ ያ ፈቃድ የሚሠራው በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ ሲፒቲ፣ ማለትም ከትምህርቱ ጋር ለተያያዘ ሥራ የሚሰጥ ፈቃድ፣ ነው። ለዚህ ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማሩ፣ ሥራው ከትምህርቱ ጋር መያያዙ፣ የራሱ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት አይ-20 (የተማሪነት ማረጋገጫ) ቅጹ ላይ ፈቃዱን ማስፈሩ ይጠበቃል። ሥራ የሚጀምረው በቅጹ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት አይደለም፤ አንድ ቀን እንኳ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲፒቲን ከኮርስ ጋር ስለሚያያይዙት ተማሪው የሰመር ክሬዲት ሊከፍል ይችላል፤ ወጪውን አስቀድሞ ይጠይቅ። የሙሉ ሰዓት ሲፒቲ በድምሩ 12 ወር ከሞላ ከምረቃ በኋላ የሚገኘውን የኦፒቲ የሥራ ፈቃድ ያሳጣል፤ 10 ሳምንት ግን ከዚያ በጣም የራቀ ነው።

«በነጻ ነው የሚሠራው» ማለት ብቻውን ነገሩን ሕጋዊ አያደርገውም። ሌላ ሰው ተከፍሎት የሚሠራውን ሥራ ተማሪው ያለ ክፍያ ቢሠራው ያልተፈቀደ ሥራ ሊባልና የቪዛ ሁኔታውን ሊያበላሽበት ይችላል። ከሁለቱም ጽሕፈት ቤቶች መልሱን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ቁልፍ አይስጡት። ማርች ላይ ይጀምሩ፤ ሜይ ላይ ጽሕፈት ቤቶቹ በምረቃ ተማሪዎች ይጨናነቃሉ።

ጥያቄ፦ ከብዙ አመልካቾች መካከል ለመምረጥ ውጤታቸውን ብቻ ማየት ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። አራት ነጥብ ያለውና ሦስት ላብ ያዳረሰ ተማሪ ያለ እርስዎም መንገዱን ያገኛል። በትንሽ ኮሌጅ የሚማር፣ በግቢው ምርምር የሚባል ነገር የሌለ፣ ነገር ግን «ለምን?» ብሎ የጠየቀበትን አንድ ነገር በማመልከቻው በግልጽ የጻፈ ተማሪ ይፈልጉ። ውጤቱ አንድ ሴሚስተር ላይ ወርዶ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁት፤ ሌሊት እየሠራ ቤተሰብ የሚረዳ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር መምህር ነኝ። በዚህ ክረምት አራት የግብርና ተማሪዎችን በአርሶ አደሮች የጤፍ ማሳ ላይ ምርምር ላለማምዳቸው አስቤያለሁ። በጀቴ ትንሽ ነው፣ መብራትም ይቆራረጣል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ምርትን የሚለካ ጥያቄ አይስጧቸው። በዝናብ የሚለማ ጤፍ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ የሚታጨደው በኅዳር አካባቢ ነው፤ ተማሪዎቹ ያኔ ክፍል ውስጥ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ የሚያልቁ ጥያቄዎች አሉ፦ የአበቃቀል ብዛት፣ የአረም ብዛት፣ የአፈር እርጥበት።

ለአረም ቆጠራ ከእንጨት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ ያሠሩ፤ በውስጡ የተቆጠረው በ4 ሲባዛ በካሬ ሜትር ይሆናል። ክፈፉ የሚጣልበት ቦታ ቢሮ ሆነው በዕጣ ባወጡት የእርምጃ ቁጥር ይወሰን። ለተማሪው ከተተወ ጭቃውን ሸሽቶ መንገድ ዳር ያስቀምጠዋል፤ ዳር ያለው አረም ደግሞ ከመሐሉ የተለየ ነው። ከጠርዙ 1 ሜትር ገባ ብለው ይጀምሩ። የአርሶ አደሩን ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሰብሉ ውስጥ የሚረግጡበትንም መስመር እሱ ያሳያችሁ።

እርጥበቱን ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዶ መመዘንና በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቆ እንደገና መመዘን ነው። እርጥቡ 100 ግራም፣ ደረቁ 76 ግራም ከሆነ የጠፋው 24 ግራም ለደረቁ 76 ይካፈላል፤ 31.6 በመቶ። ከአራቱ አንዱ ለ100 አካፍሎ 24 በመቶ ማለቱ አይቀርም፤ ቀመሩን በመዝገቡ ሽፋን ላይ ያስጽፏቸው። ናሙናው ከማሳ ሲነሣ ወዲያው በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰር፤ በፀሐይ አንድ ሰዓት ቆይቶ ከተመዘነ የለካችሁት ፀሐዩን ነው። መብራት በመሐል ከጠፋ «24 ሰዓት» ትርጉም የለውም፤ በ2 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲመዘን ከ0.1 ግራም በላይ እስካልቀነሰ ድረስ ደርቋል ይባላል። ይህ ዘዴ መብራት በማይጠፋበት ቦታም ይሻላል።

አራቱን ሁለት ሁለት ያጣምሯቸው። አንዱ ይቆጥርና ይጥራ፣ ሌላው ቁጥሩን ደግሞ ይበልና ይጻፍ፤ በማግስቱ ይለዋወጡ። ካልሆነ በጽሕፈቱ የጎበዘችው ሴት ልጅ ክረምቱን ሙሉ ጸሐፊ ሆና ትወጣለች። በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። እርሳስ ይያዙ። ማታ ማታ ገጹ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ወደ እርስዎ ይላክ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚገባው በዚያው ሳምንት ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት ቁርጥ ያለ አቋም አለን። የታክሲ፣ የምሳና የቦት ጫማ ወጪያቸውን ካልሸፈኑላቸው ከቤታቸው ገንዘብ የሚላክላቸው ብቻ ይቀራሉ። በጀቱ የሚበቃው ለሁለት ከሆነ ሁለት ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ተማሪዬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጨርሳ ትሄዳለች። ውጤቷ «ልዩነት የለም» የሚል ነው፤ አዝናለች። ፖስተሩን፣ የደራሲነቱን ጉዳይና የድጋፍ ደብዳቤውን እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ «ልዩነት የለም» ውጤት ነው፤ ሊታይ የሚችለው ትንሹ ልዩነት ምን ያህል እንደነበረ ከጻፈችበት ይበልጥ ውጤት ነው። ፖስተሩ ላይ ርእሱ ይህንኑ በቀጥታ ይናገር።

የተለመደው ስፋት 122 በ91 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 48 በ36 ኢንች ነው። ፓወርፖይንት ላይ ልኩ ከመጀመሪያው ይስተካከል፤ በትንሽ ገጽ ሠርቶ በኋላ ማሳደግ ሥዕሎቹን ያደበዝዛል። የጽሑፉ ፊደል ከ24 ነጥብ አይነስ። ቃላቱ 500 አካባቢ ሆነው ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ ግራፎች ይኑሩት። ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጠው ፒዲኤፍ ይሁን፤ ከመቅረቢያው ቀን 4 የሥራ ቀን በፊት ይድረስ። ከዚያ በፊት ትምህርቱን ለማያውቅ ሰው በ2 ደቂቃ ታስረዳው፤ የተደናቀፈችበት ቦታ ፖስተሩም የሚስተካከልበት ቦታ ነው። ለመቀጠል ከፈለገች በአሜሪካ ከ1987 ጀምሮ በየጸደይ የሚካሄደው ብሔራዊ የቅድመ ምረቃ ምርምር ጉባኤ ተማሪዎች ብቻ የሚያቀርቡበት ነው።

የደራሲነት ጉዳይ በመጀመሪያው ሳምንት መነገር ነበረበት፤ ካልተነገረ ዛሬ ይንገሯት። ብዙ መጽሔቶች የሚከተሉት የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መስፈርት አራት ነገር ይጠይቃል፦ በሐሳቡ ወይም በዳታው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ ጽሑፉን በማርቀቅ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። ዳታውን ሰብስባ ከሄደች በኋላ ረቂቁን ሳይልኩላት «ሁለተኛውን አላሟላችም» ማለት ግፍ ነው። ቋሚ ኢሜይሏን ይያዙ፤ የዩኒቨርሲቲው አድራሻ ሲመረቁ ይዘጋል።

ከመሄዷ በፊት የማስታወሻ ደብተሩ ዋናው ላብ ውስጥ፣ ቅጂው እሷ ጋር ይሁን። ዳታው በሁለት ቦታ ተቀምጦ፣ የዓምዶቹን ትርጉምና መለኪያ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ይኑረው። አንድ የላብ ባልደረባ ያን ገጽ ብቻ ይዞ አንዱን ግራፍ እንደገና ለመሥራት ይሞክር፤ እሷ እያለች።

ለደብዳቤው ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ ሦስት መስመር ማስታወሻ ይያዙ፤ ምን ቀን ምን አደረገች የሚል። «ታታሪና ታማኝ ናት» የሚል ደብዳቤ ከሌላው አይለይም። «በአምስተኛው ሳምንት የሁለት ዲሽ ምልክት መቀላቀሉን ራሷ ደርሳበት፣ ነግራኝ፣ ዙሩን ከነበረበት ደግማዋለች» የሚል ግን መራጮቹ ቆም ብለው ያነቡታል። ተማሪዋ ደብዳቤውን የምትጠይቀው ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሆነ ማስታወሻውን በስሟ በተሰየመ ፋይል ያስቀምጡት።